ራስን ለማወቅ ከጅምሮቻችሁ ጀምሩ፦ በቀላል ጥያቄዎች የታገዘ የ10 ቀን መመሪያ

«ራሴን ማወቅ አለብኝ» ብሎ ደብተር የገዛ ሰው ብዙ ነው። ደብተሩ ከሦስተኛው ገጽ ያለፈለት ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ከስሩ ሁለት መስመር ተጽፎ ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው። እኔ ጋ እንዲህ ያሉ ሦስት ደብተሮች አሉ። አንዱ የቆዳ ሽፋን አለው፤ ስገዛው ሽፋኑ ያጽፈኛል ብዬ ነበር።

ሰነፍ ስለሆንን አይደለም የሚያቅተን። ጥያቄው ከብዶ ነው። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ኮቱን አስተካክሎ ነው የሚመልሰው። «በህይወትህ ከምንም በላይ የምታስቀድመው ምንድን ነው?» ስንባል «እውነት» እንላለን። ደፍሮ «መሞገስ» የሚል ማን አለ? «ልብስ ስታጥፉ የምታንጎራጉሩት ምንድን ነው?» ስንባል ግን መልሱ አምልጦን ይወጣል። ለመዋሸት ጊዜም የለ፣ ምክንያትም የለ። ስለ እኛ የሚናገረው የመጀመሪያው ምስክር እንዲህ ያለው ቀላል ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ምስክር በየመሳቢያው የተሸጎጠው ጅምር ነው። ያለቀ ስራ ላይ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው እጅ አለበት፤ የአለቃ፣ የክፍያ፣ የቀን ገደብ፣ የይሉኝታ። ማንም ሳያዛችሁ ጀምራችሁ፣ ማንም ሳይከለክላችሁ የተዋችሁት ነገር ግን የእናንተ ብቻ ነው። ጀመራችሁት፤ እናንተ ናችሁ። ተዋችሁት፤ እሱም እናንተ ናችሁ።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ምስክሮች ያገናኛል። 10 ቀን ይፈጃል። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ፤ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነውና።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- አንድ ተራ ደብተር። ውድ አይሁን። ውድ ደብተር ላይ ሰው ቆንጆ ነገር ለመጻፍ ይጨነቃል።
- እስክሪብቶ። እርሳስ አይሆንም፤ ላጲስ መልሱን ያሳምረዋል።
- በመዳፍ ልክ የተቆረጡ 20 ወረቀቶች። ከዚህ በኋላ «ካርድ» እላቸዋለሁ።
- አንድ ባዶ ካርቶን።
- ሰዓት ቆጣሪ። የስልካችሁ ይበቃል፤ ግን መልዕክት እንዳይገባ ኢንተርኔቱን ዝጉት።
- የሚያውቃችሁ፣ የማያሞካሻችሁ አንድ ሰው። እስከ 7ኛው ቀን አትንገሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰሞኑን እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ሐዘን ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ስለ ራሳችሁ የምታስቡት ነገር ሁሉ ከጨለመ ይህን አሁን አትጀምሩት። የጅምር ክምር በዚያ ሰዓት ምስክር ሳይሆን ከሳሽ ይሆናል። መጀመሪያ የባለሙያ እርዳታ ፈልጉ። ካርቶኑ የትም አይሄድም።

ደረጃ 1፦ ጅምሮቹን ሰብስቡ (1ኛና 2ኛ ቀን)

1. ሰዓት ቆጣሪውን 25 ደቂቃ ላይ አድርጉ።
2. ቤት ውስጥ ዙሩ። መሳቢያ፣ አልጋ ስር፣ የቁም ሳጥን አናት፣ ከበሩ ጀርባ።
3. በ2ኛው ቀን ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ግቡ። የማስታወሻ መተግበሪያውን፣ የድምፅ ቅጂዎችን፣ ያልተላኩ ጽሑፎችን፣ «አዲስ ፎልደር 3» የሚል ስም የተሰጣቸውን ሁሉ ክፈቱ።
4. በእጅ የሚያዘውን ካርቶኑ ውስጥ ክተቱ። የማይያዘውን ስሙን ካርድ ላይ ጽፋችሁ ጨምሩ።

ጅምር ለመባል ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። በእጃችሁ የነካችሁት መሆን አለበት። ማንም ያላዘዛችሁ መሆን አለበት። ቢያንስ 2 ወር ያልተነካ መሆን አለበት። ገዝታችሁ ከነማሸጊያው የተቀመጠ የቀለም ሳጥን ጅምር አይደለም፤ ምኞት ነው። ምኞት ስለሚያምራችሁ ነገር ይናገራል፤ ስለምታደርጉት ነገር ግን ምንም አይናገርም። ለብቻው አስቀምጡት።

የትምህርትና የመስሪያ ቤት ስራም አይገባም። በግማሽ የቀረ ሪፖርት ስለ መስሪያ ቤቱ ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ እናንተ ብዙም አይልም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው

*መስራት ትጀምራላችሁ።* በጣም የተለመደው ይህ ነው። ሹራቡን ስታገኙት «አንድ ረድፍ ብቻ» ትላላችሁ። ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ሌላው መሳቢያ ሳይከፈት ይመሻል። የምትፈልጉት የቆመበትን ቦታ እንደቆመ ማየት ነው። አትንኩት።

*ምንም አታገኙም።* የጣላችሁትን አስታውሱ። በ12 ዓመታችሁ ትስሉት የነበረውን፣ ለጓደኛ «እየጻፍኩ ነው» ብላችሁ የነገራችሁትንና ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ ወሬ የቀየራችሁበትን። ስሙን ካርድ ላይ ጻፉት። ዕቃው የግድ አይደለም።

*በጣም ይበዛል።* 12 ላይ አቁሙ። ምረጡ ስትባሉ «ጥሩ ጥሩውን» አትምረጡ፤ መጀመሪያ እጃችሁ የገባውን ውሰዱ።

*ያሳፍራል።* ይህ ይጠበቃል። ካርቶኑን ዝጉና የዕለቱን አብቁ። ማፈራችሁንም ደብተሩ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ፤ የትኛው ዕቃ ላይ እንዳፈራችሁ ጭምር። በኋላ ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ጅምር ካርድ ጻፉ (3ኛና 4ኛ ቀን)

ከመመሪያው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

እያንዳንዱ ካርድ ላይ አራት መስመር ጻፉ፦

1. ምንድን ነው?
2. መጨረሻ ላይ የሰራሁት ምን ነበር?
3. ቀጥሎ መሰራት የነበረበት ምን ነበር?
4. ቢያልቅ ኖሮ መጀመሪያ ማን ያየው ነበር?

«ለምን ተውኩት?» የሚል መስመር የለም። ረስቼው አይደለም። ለምን ሲባል ሰው ምክንያት ይፈጥራል፤ የፈጠረውንም ያምነዋል። ኒስቤትና ዊልሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1977 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን የሚያሳይ ሙከራ አለ። ገበያተኞች ፊት አራት ጥንድ የሴት ካልሲ ደረደሩና የተሻለውን ምረጡ አሏቸው። ካልሲዎቹ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰዎቹ ግን በብዛት የመረጡት በቀኝ ዳር ያለውን ነበር። ምክንያት ሲጠየቁ ስለ ጥራቱ አወሩ። «ቀኝ ዳር ስለነበረ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኛም ጅምራችንን ለምን እንደተውነው ስንጠየቅ «ጊዜ አጥቼ» እንላለን። ጊዜ ያጣነው ግን ምን ላይ ስንደርስ ነው? መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው። ሦስተኛው መስመር የሚይዘው ይህንን ነው።

ከራሴ ካርቶን ሦስት ካርድ ላሳያችሁ።

ግራጫ ሹራብ። ጀርባው አልቋል። ፊቱ አልቋል። አንድ እጅጌ አልቋል። ሁለተኛው እጅጌ አራት ጣት ያህል ተሰርቶ መስሪያዎቹ እንደተሰኩበት ቀርቷል። ቀጥሎ የነበረው፦ የመጀመሪያውን እጅጌ ደግሞ መስራት። መጀመሪያ የሚያየው፦ እህቴ።

አንድ ፋይል፣ ውስጡ 11 የአጭር ልቦለድ መግቢያዎች። ሁሉም ላይ አንድ ሰው ወደ አንድ ቤት ይመጣል። ዘጠኙ ላይ በር ያንኳኳል። ማንም በሩን ከፍቶለት አያውቅም። ቀጥሎ የነበረው፦ ከውስጥ ማን እንዳለ መወሰን።

ጊታር። አራት ኮርድ አውቃለሁ፤ የአንድ ዘፈን ግማሽ እጫወታለሁ። ቀጥሎ የነበረው፦ እየዘፈኑ መጫወት። መጀመሪያ የሚሰማው፦ ጎረቤት። ግድግዳው ቀጭን ነው።

ካርዶቹን ስትጨርሱ ሦስተኛውን መስመር ብቻ ተከትላችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። አብዛኛው ሰው ከነዚህ በአንዱ ላይ ሲቆም አይቻለሁ፦

ድግግሞሽ ላይ። አዲሱ ነገር አልቆ ያው ስራ ሲደገም። ሁለተኛው እጅጌ፣ አርባኛው ገጽ።

ምርጫ ላይ። ሁለት መንገድ ሲመጣና አንዱ ሲመረጥ ሌላው እንደሚሞት ሲታወቅ። የኔ በር አንኳኪዎች እዚህ ናቸው። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ውስጥ ያለው ሰው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ሲከፈት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

መታየት ላይ። ስራው እየሄደ ሳለ ሰው ፊት የሚወጣበት ቀን ሲቀርብ። ምልክቱ፣ አራተኛው መስመር ላይ ስም ስትጽፉ እጃችሁ ትንሽ ያመነታል።

አስቀያሚው መሃል ላይ። ስዕል ግማሽ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያስጠላል። ቀለሙ ጭቃ ይመስላል፤ ፊቱ ሰው አይመስልም። በጭንቅላታችሁ የነበረውና ወረቀቱ ላይ ያለው የሚለያዩበት ሰዓት ነው።

ከገባችሁ በኋላ። እንዴት እንደሚሰራ ስትረዱ ፍላጎታችሁ ሄደ። ይህ ጅምር አይመስለኝም፤ ያለቀ ስራ ነው። የፈለጋችሁት ዕቃውን ሳይሆን ዘዴውን ነበር፤ አገኛችሁት።

ክር አልቆ፣ ዕቃ ተሰብሮ፣ ቤት ተቀይሮ የቆመ ነገርም ይኖራል። እሱን ካርድ ለብቻው አድርጉት። ግን ተጠንቀቁ። ክሩ አልቆ ሌላ ክር በ10 ደቂቃ መግዛት ይቻል ከነበረ፣ ያለቀው ክሩ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው

*«ሰነፍ ስለሆንኩ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።* ሰርዙት። ስንፍና ቦታ አይመርጥም። ሰነፍ ብትሆኑ ኖሮ ሁሉም ጅምር በየፈለገበት ይቆም ነበር። አራት ነገር አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ከቆመ ነገሩ ሌላ ነው።

*ሦስተኛውን መስመር መጻፍ ያቅታችኋል።* ቀጥሎ ምን እንደሚሰራ የማታውቁ ከሆነ «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ። እሱ ራሱ የቆማችሁበት ቦታ ነው፦ እውቀት ያለቀበት፣ መጠየቅ የነበረበት። «ሰው መጠየቅ» ላይ የሚቆም ሰው ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቀላሎቹን ጥያቄዎች መልሱ (5ኛና 6ኛ ቀን)

ካርዶቹን ካርቶኑ ውስጥ መልሱና ዝጉት። ዛሬ አይታዩም።

ደንቡ እነሆ፦

1. ለአንድ ጥያቄ 1 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲጮህ ቀጣዩ።
2. መጀመሪያ የመጣውን ጻፉ። ሁለተኛው የተሻለ ቢመስላችሁም።
3. የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ የሚሰማ ነገር ጻፉ። «ሰላም» አይጻፍም። «ከዝናብ በኋላ መስኮት መክፈት» ይጻፋል።
4. አታብራሩ። «ምክንያቱም» የምትለዋ ቃል ለሁለት ቀን ታግዳለች።

ጥያቄዎቹ፣ ሰባቱን በ5ኛው ቀን፣ ሰባቱን በ6ኛው፦

1. ብቻችሁን ስትሆኑ የምታንጎራጉሩት ዜማ የትኛው ነው? ግጥሙን እስከ ስንተኛው መስመር ታውቁታላችሁ?
2. ለሌላ ሰው ትርጉም የሌለው፣ ከስልካችሁ ማጥፋት ያቃታችሁ ፎቶ የትኛው ነው?
3. የነገው ቀጠሮ ሁሉ ቢሰረዝ ጠዋት መጀመሪያ እጃችሁ የሚነካው ምንድን ነው?
4. ሰው ሲሳሳትበት ዝም ማለት የሚያቅታችሁ ተራ ጉዳይ ምንድን ነው?
5. በልጅነት ጨዋታ ላይ ቦታችሁ የቱ ነበር? ሕግ አውጪ፣ ተጫዋች፣ ዳኛ፣ ወይስ ዳር ቆሞ ተመልካች?
6. የሰው ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው?
7. ማንም ሳይጠይቃችሁ የምታስተካክሉት ነገር ምንድን ነው? የተጣመመ ስዕል? የሰው አነጋገር?
8. ባለፈው ወር የቀናችሁበት ሰው ምን አድርጎ ነው?
9. ደጋግማችሁ የምታወሩት ገጠመኝ የትኛው ነው? የቱ ጋ ነው የምታጋንኑት?
10. ሁሉም «ይደብራል» የሚለው፣ እናንተን ግን የማይደብራችሁ ነገር ምንድን ነው?
11. ቶሎ ከአፋችሁ የምትወጣው ትንሿ ውሸት ምንድን ናት?
12. ስማችሁ ባይጻፍበትም ደስ ብሏችሁ የምትሰሩት ምንድን ነው?
13. ስትሰሩ ሰው እንዲያያችሁ የማትፈልጉት ነገር ምንድን ነው?
14. የምትኮሩበት፣ ግን ለማንም ለመናገር የሚያሳፍር ትንሽ ችሎታችሁ ምንድን ነው?

ጥያቄ 8ን እንዳታልፉት። ቅናት እንደ ኮምፓስ ነው፤ ባለጌ ነው እንጂ አቅጣጫ አይስትም። ሰው ስለገዛው መኪና ካልቀናችሁና አንድ የማታውቁት ሰው በፈረቃ ስራው መሃል ስለሳለው ትንሽ ስዕል ከቀናችሁ፣ ደብተሩ ላይ የምትጽፉት እሱን ነው።

የራሳችሁን ጥያቄ መጨመር ትችላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ በሁለት ነገር ይታወቃል። «ትክክለኛ» የሚመስል መልስ የለውም። መልሳችሁ ደግሞ የጎረቤታችሁ መልስ ሊሆን አይችልም።

ለዚህም ነው ኢንተርኔት ላይ ያሉትን «የትኛው ዓይነት ሰው ነህ?» የሚሉ ፈተናዎች በዚህ 10 ቀን ውስጥ እንዳትነኩ የምለው። በ1948 ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለተማሪዎቹ ፈተና ሰጥቶ ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የግል ባሕርይህ መግለጫ» ብሎ ወረቀት አደለ። ተማሪዎቹ መግለጫው ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ ሰጡት። አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀሙ ናቸው። «አንዳንዴ ተግባቢ፣ አንዳንዴ ቁጥብ ነህ» ሲባል የማይስማማ ሰው የት ይገኛል?

እዚህ ላይ የሚበላሸው

*ጭንቅላታችሁ ባዶ ይሆናል።* ጥያቄውን ወደ ትናንት መልሱት። «ምን ታንጎራጉራላችሁ?» ካቃታችሁ «ትናንት ምን ስታንጎራጉሩ ነበር?» በሉ። ትናንት ካቃተ ባለፈው ሳምንት።

*መልሶቻችሁ በጣም ያምራሉ።* አንብባችሁ «እንዴት ያለ ጥሩ ሰው ነው» ካሰኛችሁ ለሰው እየጻፋችሁ ነው። ገጹን ቀድዳችሁ ጣሉት፤ ቀልድ አይደለም፤ በግማሽ ደቂቃ ድገሙት። ፍጥነት ጌጥ ያራግፋል።

*አንዱ ጥያቄ ያስለቅሳችኋል።* ቀላል የተባለው ጥያቄ ከባድ ቦታ ሊነካ ይችላል። አንድ መስመር ጽፋችሁ እለፉት። ቁፋሮ አይደለም የያዝነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ሰው ጠይቁ (7ኛ ቀን)

ያዘጋጃችሁትን ሰው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። ስለ ምን ሳወራ ነው ፊቴ የሚበራው? ጀምሬ ስተው ያየኸኝ ነገር አለ? ስለ እኔ እኔ የማላውቀው የሚመስልህ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? ሴት ከሆነች በሴት አድርጉት፤ ታላቃችሁ ከሆነ ወይም ከሆነች በአንቱታ።

መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ። አትከራከሩ። «እሱ እኮ ያኔ ስለሆነ ነው» ማለት ከጀመራችሁ ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚነግራችሁ እናንተን የሚያስደስተውን ነው። «እሺ» ብላችሁ አመስግኑ፤ ወሬ ቀይሩ።

ሰው ማግኘት ካልተቻለ ዝለሉት። ሁለት ሰው አትጠይቁ። ሁለት ሰው ከተጠየቀ ደስ ያለንን መምረጥ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ወለል ላይ ዘርጉት (8ኛ ቀን)

1. ካርዶቹን ሁሉ ወለሉ ላይ ደርድሩ። ጠረጴዛ አይበቃም።
2. የጥያቄዎቹን መልሶች አጠገቡ ክፈቱ።
3. የሚመሳሰሉትን አቀራርቡ። የቆመበት ቦታ የሚመሳሰል፣ መጀመሪያ የሚያየው ሰው የሚመሳሰል፣ ቃሉ የሚደጋገም።
4. ቢያንስ ሦስት ማስረጃ የተገናኘበት ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ዓረፍተ ነገሩ «እኔ እንዲህ ነኝ» አይልም። ቅርጹ ይህ ነው፦ «እንዲህ ሲሆን እቀጥላለሁ፤ እንዲህ ሲሆን አቆማለሁ።» «ነኝ» በር ይዘጋል። «ሲሆን» ግን ነገ ሊፈተን ይችላል።

የኔ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፦ «አዲስ ነገር ሲኖር እቀጥላለሁ፤ መደጋገም ሲመጣ አቆማለሁ።» ማስረጃ፦ ሹራቡ፣ ያቋረጥኩት የቋንቋ ትምህርት፣ ግማሽ ላይ የቆመ የፎቶ አልበም። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ። አመነሁት። ስህተት ነበር፤ እንዴት እንደሆነ በሚቀጥለው ደረጃ ታዩታላችሁ።

ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አትጻፉ። ሁለት ማስረጃ ብቻ ያለውን በግርጌ «ገና» ብላችሁ አቆዩት። ከካርዶቹ ከአንዱም ጋር የማይገጥም ካርድ ቢተርፍ በጉልበት አታስገቡት። ሰው የማይገጥም ካርድ አያጣም።

ደረጃ 6፦ ዓረፍተ ነገሩን ፈትኑት (9ኛ ቀን)

ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ከ10 ቀን በኋላ «ምንም አዲስ ነገር አላወቅሁም» የሚሉት። እስካሁን ያላችሁ ግምት ነው።

1. ዓረፍተ ነገራችሁ የሚመለከተውን አንድ ጅምር ምረጡ። ትንሹን።
2. ከመንካታችሁ በፊት ትንበያ ጻፉ። «በ10ኛው ደቂቃ ይሰለቸኛል» ወይም «ሰው ሲገባ እደብቀዋለሁ»።
3. ሰዓት ቆጣሪውን 20 ደቂቃ ላይ አድርጉና ከቆመበት ቀጥሉ።
4. በየ5 ደቂቃው እጃችሁ ምን እያደረገ እንደሆነ አንድ ቃል ጻፉ። ስሜት ሳይሆን እጅ።
5. 20 ደቂቃው ሲያልቅ አቁሙ። ቢጥማችሁም አቁሙ።

ለመጀመር ብዙ አትቸገሩም። ኦቭሲያንኪና የተባለች ተመራማሪ በ1928 ባሳተመችው ጥናት፣ ስራቸውን መሃል ላይ እንዲያቋርጡ የተደረጉ ሰዎች ዕድሉን ሲያገኙ ማንም ሳያዛቸው፣ ሽልማትም ሳይኖረው ወደ ስራው ይመለሱ ነበር። ጅምር ይጠራል። ጣጣው መቀመጡ ላይ አይደለም፤ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ስትደርሱ የሚሆነው ነው።

እኔ ሹራቡን ወሰድኩ። ትንበያዬ «በ10ኛው ደቂቃ ይሰለቸኛል» ነበር። በ5ኛው ደቂቃ የጻፍኩት ቃል «መለካት» ነው። በ10ኛው «መለካት»። በ15ኛው «መተርተር»። አልሰለቸኝም። ያደርግ የነበረው እጄ ሁለተኛውን እጅጌ ከመጀመሪያው ጋር እያጋጠመ መለካት ነበር፤ ትንሽ ሲበልጥ ፈትቶ እንደገና። ድግግሞሹ አልነበረም ያቆመኝ። መወዳደሩ ነበር። የመጀመሪያው እጅጌ አጠገቡ ምንም ስላልነበረ ቆንጆ ነበር፤ ሁለተኛው ሲመጣ አንዱ ከአንዱ ያጥራል። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ «የሚነጻጸርበት ከሌለ እቀጥላለሁ፤ ሲነጻጸር አቆማለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ የፎቶ አልበሙም ገባኝ። ያቆምኩት እህቴ የራሷን ጨርሳ ባሳየችኝ ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው

*ትንበያው ልክ ይሆናል።* ጥሩ። ዓረፍተ ነገሩ አጠገብ ምልክት አድርጉና በሌላ ጅምር አንድ ጊዜ ድገሙት። አንድ ቀን የገጠመ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

*ትንበያው ይስታል።* ይሻላል። የእጃችሁን ቃላት አንብባችሁ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት።

*ጭራሽ መቀመጥ ያቅታችኋል።* ጅምሩ ትልቅ ነው። ትንሽ ምረጡ፤ አንድ አንቀጽ፣ አንድ መስመር ዜማ። እሱም ካቃተ ዕቃውን ፊታችሁ አስቀምጣችሁ 5 ደቂቃ እዩት። ምን ለማድረግ እንደምትነሱ መዝግቡ። ስልክ? መስኮት? ጽዳት? እኔ የማውቀው አንድ ሰው ልቦለዱን ሊጽፍ በተቀመጠ ቁጥር ወንበሩን ያስተካክላል። ለካ ከጽሑፉ ይልቅ የሚወደው የእንጨት ስራ ነበር። አሁን ወንበር ይሰራል።

ደረጃ 7፦ ካርቶኑን ባዶ አድርጉ (10ኛ ቀን)

ሦስት ቦታ ክፈሉ።

የሚቀጥል። አንድ ብቻ። ሁለት ካስቀመጣችሁ ተመልሳችሁ የነበራችሁበት ናችሁ። ዓረፍተ ነገራችሁ የሚነግራችሁን እንቅፋት አስቀድማችሁ አንሱለት። መታየት ከሆነ «ለማንም አይታይም» ብላችሁ ወስኑ። ምርጫ ከሆነ ሳንቲም ወርውሩ፤ እኔ የበሩን ጉዳይ በሳንቲም ጨረስኩት፤ ከውስጥ አንዲት ሕፃን ልጅ ወጣች። ንጽጽር ከሆነ ሁለተኛ የሌለውን ነገር ስሩ።

የሚተላለፍ። ዕቃው ለሚፈልገው ሰው ይሰጥ። ስትሰጡ «ከጨረስከው አሳየኝ» አትበሉ።

የሚዘጋ። ካርዱ ላይ «በቃ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ዕቃውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፍቱት፣ ተርትሩት፣ ወረቀቱን ለሌላ አድርጉት። ያለቀ ስራ ቀን ይጻፍበት የለ? ለተወ ስራም ይገባዋል።

በዚያው ቀን ግን ምንም አትጣሉ። የሚዘጋውን 3 ቀን አሳድሩት። ጠዋት ቆርጦ ማታ የሚቆጭ ብዙ ነው።

ካርዶቹ አይጣሉም። ከደብተሩ ጋር በላስቲክ እሰሯቸው። ከ6 ወር በኋላ 14ቱን ጥያቄዎች እንደገና መልሱ፤ የድሮውን መልስ ከመጻፋችሁ በፊት እንዳታዩት። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የተቀየረውን ብቻ አስምሩበት። ቀኑን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ነገ ትረሱታላችሁ።